ቀትር ላይ ሰላምታ የማይመልሱት ጎብኚዎች

አንድ መድኃኒት አዋቂ በአንድ ደጋ አገር ይኖር ነበር። ስሙ ስንሻው ይባላል። ሌላውን በሽታ እንደ ማንኛውም አዋቂ ያክም ነበር፤ የጉሮሮ እባጭን በማዳን ግን የሚወዳደረው አልነበረም። እህል አልወርድለት ያለ፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ዘመዶቹ ተስፋ የቆረጡበት በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ይመጣል፤ ስንሻው የአንዲት ተክል ሥር ቀቅሎ ያጠጣዋል፤ ሰውዬው በሳምንቱ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተክሏ የምትበቅለው ከቤቱ በላይ ባለው ጥሻ ውስጥ ነበር። የትኛዋ እንደሆነች ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንዳይታወቅም አጥብቆ ይጠነቀቃል። ምስጢሩን የነገረው አባቱ ነው፤ ያውም በሞተበት ዕለት፣ ካስማለው በኋላ፣ አፉን ከጆሮው አስጠግቶ። «ስሟን ለሌላ ሰው ከተናገርክ ትከዳሃለች» አለው። «ስትቆፍራት ቃል አትተንፍስ። ጥላህም አይረፍባት። ጥላህ ካረፈባት ሥሯ ተራ እንጨት ሆነ ማለት ነው።» ስንሻው ይህን ሁሉ ጠበቀ። ከራሱም አንድ ነገር ጨመረበት። አንዷን ቆፍሮ ካወጣ በኋላ፣ የቆፈረውን አይቶ ማንም እንዳይማር፣ በዙሪያዋ ያሉትን ቡቃያዎች ሁሉ እየነቀለ ወንዝ ይጥላቸው ነበር። ይህን «ዱካ ማጥፋት» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱካውን አጠፋ። በአንድ እጁ ሰው እያዳነ በሌላው እጁ መድኃኒቱን ይጨርስ ነበር፤ ይህን ግን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

አንድ ዓመት ከብሔራዊው የዕፅዋት ስፍራ ሰዎች መጡ። የአገሩን ተክል ከየቦታው ሰብስበው በአንድ ሰፊ መሬት ላይ ለትውልድ የሚያቆዩ ሰዎች ናቸው። ጥሻው ውስጥ ገብተው አራት ቡቃያዎችን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ወጡና፣ «ይህች ማን ትባላለች? ለምንስ ትጠቅማለች?» ብለው ጠየቁት። ስንሻው በውስጡ ክው አለ። በፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየም።

«እሷማ አረም ናት» አላቸው። «ስምም የላትም። ፀሐይ ላይ ብትተክሏት ትወዳለች።»

ተክሏ ግን ፀሐይ የነካት ዕለት የምትጠወልግ ነበረች። ሰዎቹ ያላቸውን ቃል በቃል ጽፈው፣ አመስግነውት ሄዱ።

ስንሻው የወለዳት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የሻረግ ትባላለች። እናቷ የሞተችባት ገና ዳዴ ስትል ነው። አድጋ ቤቱን ማስተዳደር ስትጀምር አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ለእኔ ቢያሳዩኝ ምን አለበት? እርስዎ ሲደክምዎ እኔ እንድተካዎ» አለችው።

«ይህ ለሴት ልጅ አይነገርም» አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ከዚያ ጥሻው ባዶ ሆነ። ስንሻው አንድ ክረምት ወጥቶ ቢፈልግ አንዲትም አላገኘም። በቀጣዩም ክረምት እንዲሁ። የቀረችው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥላት የቆዳ ከረጢት ውስጥ ያስቀመጣት አንዲት የደረቀች ቅጠል ብቻ ናት። በዚያው ዓመት የየሻረግ ጉሮሮ አበጠ።

ሐኪሞች ዘንድ ወሰዳት። የሚያውቁትን ሁሉ ሞክረው፣ «ከዚህ በላይ በእጃችን ያለ ነገር የለም» አሉት። ወደ ቤት መለሳት። መጀመሪያ እህል አልወርድ አላት፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ፤ አሁን ውኃ የምትውጠው በጠብታ ነው። አንድ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ወደ ጥሻው እያመለከተች አባቷን ታየዋለች። እሱም ጥሻው ባዶ መሆኑን ሊነግራት አልደፈረም። አራቱ ቡቃያዎች ትዝ ያሉት ያን ጊዜ ነው። ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ መቆፈሪያውን በጋቢው ሥር ደብቆ፣ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሁለት ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ አንዲት ሴትዮ ተሳፍራ ከጎኑ ተቀመጠች። ትርንጎ ትባላለች። ገና ሳትደላደል ማውራት ጀመረች።

«ወዴት ነዎት፣ ወንድሜ?»

«እንዲሁ ወደ ከተማ።»

«እኔ ደግሞ ወደ ዕፅዋቱ ቦታ ነኝ። የአገር ዘር ያላችሁ አምጡ ብለው በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁና የእናቴን የቅል ዘር ይዤላቸው እየሄድኩ ነው። እኔ ብሞት ልጆቼ ከጀሪካን በቀር የሚያውቁት የላቸውም!» ብላ ሳቀች። ከመቀነቷ የቋጠረችውን ፈታ ዘሩን አሳየችው፤ ከፊትና ከኋላ ለተቀመጡትም አሳየች። ለፈለገ ሰው ሁለት ሁለት ፍሬ ሰጠች። ከዚያ ግቢዋ ውስጥ ያለውን ተክል ሁሉ ትዘረዝር ገባች። በበሩ በኩል እንዶድ አለ፣ ከጓሮ ግራዋና ጤና አዳም፣ ከላይ ኮሶ። «ከታች በወንዙ በኩል፣ ከአጥሬ ሥር ደግሞ…» ስትል ስንሻው ዓይኑን ጨፈነ።

እንቅልፍ ወስዶት አይደለም። ስለ ተክል ብዙ የሚያወራ ሰው መልሶ ይጠይቃል ብሎ ስለፈራ ነው። በልቡም፣ «ምን ዓይነት ወሬኛ ሴት ገጠመችኝ!» አለ። እጁ በጋቢው ሥር ከረጢቷን ጨብጦ ነበር። ትርንጎ የተኛ መሰላትና ከአክብሮት ዝም አለች። እስከ ከተማው ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ።

የዕፅዋቱ ስፍራ በር ላይ የደረሱት ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ትርንጎ ዘሯን ልታስረክብ ወደ ቢሮው ሄደች። ስንሻውን የተቀበለው ቶላ የሚባል ጠባቂ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ሲተክልና ሲያርም የኖረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው።

«ምን ማየት ይፈልጋሉ፣ አባቴ?» አለው። «ይንገሩኝና ላድርስዎ። ቦታው ሰፊ ነው፤ ብቻዎን ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ አይጨርሱትም።»

«የተለየ ነገር የለም። እንዲሁ ለማየት ያህል ነው።»

ቶላ ጋቢው የተወጠረበትን ቦታ አየ። «እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎ» አለው። «ከታች በሸለቆው ውስጥ ስማቸውም ጥቅማቸውም ያልታወቀ ተክሎች አሉ። ቀትር ላይ እዚያ ባይቆዩ ጥሩ ነው። ከቆዩም ሰላምታ የማይመልሱ ጎብኚዎች ያጋጥሙዎታል። አይቀየሟቸው።»

«ሰላምታ የማይመልስ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ቢችሉማ በመለሱልዎ ነበር» አለና ቶላ በሩን ከፈተለት።

ስንሻው ወደ ውስጥ ገባ። የአገሩ ዛፍ ሁሉ እዚያ ነበር። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶው፣ እያንዳንዱ ከሥሩ ስሙና ጥቅሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞለታል። ጦጣዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ ቆቆች ከእግሩ ሥር ቱር ብለው ይነሳሉ። ሰሌዳዎቹን እያነበበ አለፈ። ሰዎች ስንቱን ነገር ለሰው እንደሚናገሩ አይቶ ገረመው፤ ትንሽም ናቃቸው። የእሱ ተክል ከእነዚህ መካከል እንደማትሆን ያውቃል። ስም አልሰጣትምና። ስለዚህ ቶላ አትቆይ ወዳለው ሸለቆ ወረደ።

ወደ ታች በወረደ ቁጥር ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ ጦጣዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ወፎቹ። ከዚያም የራሱ እግር ቅጠል ላይ ሲያርፍ አልሰማ አለው። ሁለት ጊዜ መሬቱን ረገጥ አድርጎ ሞከረ፤ ድምፅ የለም። ከመንገዱ ዳር አንድ ድኩላ ቆሞ ያየዋል። ድኩላ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ ይህ ግን አልሸሸም። የሚያየውም ስንሻውን ሳይሆን ከስንሻው ኋላ ያለ ነገር ነበር። ዞር ቢል ማንም የለም። አማተበና ወረደ።

በሸለቆው ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ቁጥርና የተገኙበት አገር ብቻ ነው የተጻፈባቸው። እዚያም ጎብኚዎች ነበሩ። ከአንዲት ቁጥቋጦ ፊት ነጠላዋን ያደገደገች አሮጊት ቆማለች። ራቅ ብሎ ጥብቆ የለበሰ ሰው ወደ አንድ ሐረግ አጎንብሷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። ሁሉም እያንዳንዳቸው በአንድ ተክል ፊት ናቸው፤ ሁሉም መቆፈሪያ ይዘዋል፤ አንዳቸውም ግን አይቆፍሩም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ስንሻው።

የመለሰለት የለም። ቀረብ ብሎ ለአሮጊቷ በተለይ፣ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አላት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ያን ጊዜ ወደ እግሯ አየ። የቆመችበት ሣር አልተኛም። ቀጥ ብሎ በእግሮቿ መካከል እንደ ቆመ ነው። በልጅነቱ ቀትር ላይ ወንዝ አትውረድ፣ ዛፍ ሥር አትተኛ ሲሉት የሰማው ሁሉ አንድ ጊዜ መጣበት። ሮጦ ሊመለስ ፈለገ። ግን የየሻረግ እጅ ጉሮሮዋ ላይ ሆኖ ታየው፤ ወደ ፊት ሄደ።

ፀሐይ በሚመታው ገላጣ ቦታ ላይ ሦስት ሰሌዳዎች አገኘ። ከሦስቱም ሥር የነበረው ተክል ደርቆ አልቋል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በአንድ ትልቅ ዝግባ ጥላ ሥር፣ ምናልባት ቦታ ጠቦ እዚያ የተተከለች አንዲት ብቻ ነበረች። ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር አመድማ፣ ግንዷ ቀይ። እሷው ናት! ሰሌዳዋ ላይ የራሱ ቀበሌ ስም ተጽፏል። ከሥሩም፣ «ስም፦ አልታወቀም። ጥቅም፦ የላትም፣ አረም ናት ተብሏል» ይላል። ያን ቃል ማን እንዳለው ስንሻው ያውቃል።

ግራ ቀኙን አይቶ ተንበረከከ፤ መቆፈሪያውንም ከጋቢው ሥር አወጣ። ቃል አልተነፈሰም። ስለ ጥላውም አልሰጋም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ እሱም ያለው በዝግባው ጥላ ውስጥ ነው፣ በጥላ ውስጥ ደግሞ ጥላ አይታይም። ይህኛው ግን ታየ። ከዝግባው ጥላ የጠቆረ ሌላ ጥላ መጥቶ በተክሏ ላይ ተጋደመ። ስንሻው ወደ ግራ ዞረ። ጥላው ከተክሏ አልተነሣም። ወደ ቀኝ ዞረ፤ አሁንም እዚያው ነው። ተነሥቶ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ራቀ። ጥላው አብሮት አልራቀም። ልብ ብሎ ሲያየው በርኖስ የለበሰ ሰው ጥላ ነው። ስንሻው የለበሰው ጋቢ ነው።

ቀና ሲል ከተክሏ ወዲያ አባቱ ቆሟል።

ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ እንደነበረው ነው፤ በርኖሱም ያው፣ መቆፈሪያውም ያው። ስንሻው በግንባሩ ተደፋ። መሐላውን ረስቶ፣ ሲቆፍሩ ቃል እንደማይተነፈስ ረስቶ፣ «አባቴ፣ አልተናገርኩም!» ብሎ ጮኸ። «ለማንም አልተናገርኩም! እንዳልከኝ ጠብቄያታለሁ!»

አባቱ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። የተቆጣ መስሎት ስንሻው ፈራ። ግን ቁጣ አልነበረም። የአባቱ ዓይን እንባ አቅርሯል። አንድ እጁ ጉሮሮውን ይዟል፤ ልክ የሻረግ እንደምትይዘው። ከንፈሩም አንድ ነገር ለማለት ይታገላል፤ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ እንደገና ይከፈታል። ስንሻው ያን የከንፈር እንቅስቃሴ ያውቀዋል። በሞቱ ዕለት ጆሮው ሥር የተንቀሳቀሰው ያው ከንፈር ነው። አባቱ የተክሏን ስም ሊናገር ነው የሚሞክረው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሟን ሊናገር ሞክሯል፤ ድምፅ ግን የለውም።

ስንሻው ዞር አለ። በሸለቆው ያሉት ሁሉ፣ አሮጊቷም፣ ባለ ጥብቆውም፣ ሌሎቹም ተክላቸውን ትተው ወደ እሱ ዞረዋል። ሁሉም በአንድ እጃቸው ጉሮሯቸውን ይዘዋል። አይቆጡትም፣ አይቀርቡትም። ይጠብቁታል።

«ፀሐይ አይነኬ» አለ ስንሻው። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ፀሐይ አይነኬ ትባላለች! ሥሯ የጉሮሮ እባጭ ያድናል! ልጄ ልትሞትብኝ ነው! የምትሰሙኝ ሰዎች፣ ስሟ ፀሐይ አይነኬ ነው!»

አባቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ይህን ትንፋሽ ስንሻው በጆሮው ሰማው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣውና በዳገቱ መንገድ ቀስ እያለ ሄደ። ጥላውም ከተክሏ ላይ ተነሥቶ ተከተለው። ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መንጫጫት ጀመሩ። ስንሻው ዙሪያውን ሲያይ ሸለቆው ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምቶ ቶላ እየሮጠ መጣ። ትርንጎም ነጠላዋን ሰብስባ ከኋላው ደረሰች። ስንሻው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ነገር ነገራቸው። መሐላውን፣ ወንዝ የጣላቸውን ቡቃያዎች፣ «አረም ናት» ያለውን፣ ለልጁ የመለሰላትን መልስ፣ አንድም አላስቀረም። የደበቀውን መቆፈሪያም ቶላ እግር ሥር አኖረው።

ቶላ ወደ ሦስቱ ባዶ ሰሌዳዎች እያየ፣ «ስሟን ብቻ ነግረውን ቢሆን ኖሮ» አለ። «ሌላ ምንም ሳይጨምሩ፣ ስሟን ብቻ። ፀሐይ አይነኬ የምትባልን ተክል ማን ፀሐይ ላይ ይተክላል? እነዚያ ሦስቱ ዛሬ ዘር በሰጡ ነበር።» ወደ ቀረችው አንዲት ዞረ። «አሁን እሷ ብቻ ናት ያለችን። ሥሯ ከተቆፈረ አለቀች። አባቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፤ አይውሰዷት ልልዎ አልችልም። ይውሰዷት ማለትም አልችልም።»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። ቢቆፍራት ልጁን ያተርፋል፤ ከእሷ በኋላ የሚታመመው ሁሉ ግን መድኃኒት የለውም። ባይቆፍራት የሻረግ ትሞታለች። እጁ ወደ መቆፈሪያው ይሄድና ይመለሳል።

በዚህ መካከል ትርንጎ ጎንበስ አለች። ከተክሏ አንዲት ቅጠል ገልበጥ አድርጋ አመድማውን ጎኗን አየች፤ በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተቻት።

«ይህችን ነው እንዴ የምትሉት?» አለች። «ከታችኛው አጥሬ ሥር፣ ከወንዙ ዳር ሞልታለች እኮ! ጥጃ ጉሮሮው ሲያብጥ ሥሯን ቀቅለን እናጠጣዋለን። ለሰው እንደምትሆን ግን አላወቅንም።» ስንሻውን ትክ ብላ አየችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ማዘን ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስለ እሷ ልነግርዎ ጀምሬ እኮ ተኙብኝ።»

ስንሻው ከረጢቱን ከአንገቱ አውጥቶ የደረቀችውን ቅጠል በመዳፏ ላይ አኖረላት፤ አራት ሰዓት ሙሉ ከጎኗ ይዟት የመጣትን ቅጠል። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቶላ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለምኖ ይዟቸው ሄደ። ትርንጎ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከአጥሩ ሥር እንዳለችው ነው፤ ሞልታለች። ስንሻው ሊቆፍር ሲንበረከክ ፀሐይዋ ከኋላው ነበረችና ረጅሙ ጥላው በተክሏ ላይ ሙሉ በሙሉ አረፈ። ትርንጎ ከጎኑ ቆማ፣ «ምን ያህሉን ነው የሚቀቅሉት? ስንት ጊዜ ይፈላል?» እያለች ትጠይቃለች፤ እሱም እየቆፈረ ይመልሳል፤ ቶላ ይጽፋል። ስንሻው ስሟን ተናግሯል፣ ጥላው አርፎባታል፣ ቃል እየተነፈሰ ነው የቆፈራት። አባቱ እንዳለው ከሆነ በእጁ የያዘው ተራ እንጨት ነው።

በዚያው ሌሊት ቤቱ ደርሶ ቀቀለና የሻረግን አጠጣት። የመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ስንሻው ወደ ደጅ ወጥቶ ምላሱን ረገመ፤ ተናግሬ ልጄን ገደልኳት አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሻረግ ጽዋውን ከእጁ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣች። በስምንተኛው ቀን ሻካራ በሆነ ድምፅ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች።

«አባባ… ስሟ ማን ነው?»

አጠገቧ ተቀምጦ ነገራት። ስሟን፣ የምትወደውን ቦታ፣ የምትቆፈርበትን ወር፣ አፈላሏን ሁሉ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጎረቤቶችም ደጅ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ስንሻው በሩን ለመዝጋት አልተነሣም።

ዛሬ በዚያ ዝግባ ሥር ያለው ሰሌዳ ስሟንም ጥቅሟንም ይዟል፤ በዙሪያዋም ከትርንጎ አጥር የመጡ ብዙ ቡቃያዎች በቅለዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቀትር ሲሆን የሚቆም የለም። በሌሎቹ ተክሎች ፊት የሚቆሙት ግን አሁንም አሉ። የሻረግ ስፍራውን ልትጎበኝ በሄደች ጊዜ አይታቸዋለች፤ «እንደምን ዋላችሁ» ብትላቸው ጉሮሯቸውን ይዘው ዝም ብለው አዩአት። ወደ ቶላ ዞራ፣ «እነዚህ ሰዎች ማንን ነው የሚጠብቁት?» ብላ ጠየቀችው።

«ልጆቻቸውን» አላት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ደብቀን የያዝነው እውቀት እኛ ዘንድ ያለ ይመስለናል እንጂ በየቀኑ እያለቀ ነው፤ የመጨረሻዋ ቀን ላይም የምንወደውን ሰው ይዞብን ይሄዳል። የምንፈልገውም ነገር ብዙ ጊዜ ከጎናችን በተቀመጠው ሰው እጅ ነው፤ እኛ ግን ዓይናችንን ጨፍነን እንሄዳለን።

እርስዎስ? ከእርስዎ በቀር ማንም የማያውቀው ምን ነገር አለ? የአንዲት ቅጠል ጥቅም ይሆናል፣ የአንድ ሙያ ዘዴ፣ የአንድ መቃብር ቦታ፣ ወይም ለልጅዎ ሳይነግሩ ያሳደሩት አንድ እውነት። ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ይፈልጉና ዛሬ ይንገሩት፤ ድምፅዎ ሳለ።